ልብ ወለድ ለምታሳትሙልን ሁሉ፦ ከአንዲት ተራ አንባቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የአማርኛ ልብ ወለድ ለምትጽፉ፣ ለምታሳትሙ፣ ለምታትሙና ለምትሸጡ በሙሉ
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ሃያሲ አይደለሁም፤ ሥነ ጽሑፍም አልተማርኩም። የምሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ሰው ይበዛል። ከሰዓት በኋላ ጋብ ሲል ከመሳቢያዬ መጽሐፍ አወጣለሁ፤ ማታም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነባለሁ። ካለፈው መስከረም ወዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ልብ ወለድ ጀምሬ ስድስቱን ይዤ ዘለቅኩ፤ አንዱን መሐል ላይ ተውኩት። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለነዚህ መጻሕፍት የተሰማኝን ሳልደብቅ ልነግራችሁ ነው። እናንተ ጆሮ የሚደርሰው የምረቃ ቀን ንግግር ብቻ ይመስለኛል። ምረቃ ላይ ሰው ያመሰግናል፣ ያጨበጭባል፣ መጽሐፉን አስፈርሞ ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ ዘጠናኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ምን እንደተሰማው የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልናገር።

መጀመሪያ ያስከፋኝን ልናገር። ስሙን አልጠራውም፤ ደራሲው ወጣት ነው፣ የመጀመሪያ ሥራው ነው፣ ችሎታም አለው። መጽሐፉን ከአዟሪ ላይ በ550 ብር ገዛሁት። ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ከታናሽ እህቷ ጋር በአንድ ግቢ ስትኖር የሚገጥማትን የሚተርክ ነው። ታሪኩ ያዘኝ። ሴትየዋ ያመጣችው ሻንጣ ሳይከፈት ወር ሙሉ አልጋ ሥር ሲቀመጥ፣ እህትየዋ በየቀኑ ስትጠርግ መጥረጊያው ሻንጣውን ሲነካው የሚሰማት ስሜት ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ ነገር ማየት የሚችል ሰው ደራሲ ነው። እስከ ገጽ 140 ድረስ እህትየዋ ሰናይት ነበረች። ገጽ 141 ላይ ሰላማዊት ሆነች። ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ሁለት ምዕራፍ ደገምኩ። ሌላ ሰው የለም። ያችው ሰናይት ናት።

ይህን ይቅር ብዬ ስቀጥል ከገጽ 192 በኋላ ገጽ 177 መጣ። 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ተጠርዞ፣ ከ193 እስከ 208 ያለው ጭራሽ አልገባም። እህትማማቾቹ የተጣሉት እዚያ የጠፋው ውስጥ መሆን አለበት፤ ገጽ 209 ላይ ስደርስ አይነጋገሩም፤ ሻንጣውም ተከፍቷል። ማን ከፈተው? ውስጡ ምን ነበር? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አዟሪው ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከያዘው ክምር ውስጥ ያንኑ መጽሐፍ ሦስት አውጥቶ አብረን ገለጥን። ሦስቱም እንደዚያው ናቸው። «እህቴ፣ እኔም የተሰጠኝን ነው የምሸጠው» አለኝ። ምን ይበለኝ?

የገጹ መዛባት የጥረዛ ስህተት ነው፤ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ሊሳሳት ይችላል። የስሙ መለወጥ ግን የማን ጥፋት ነው? ደራሲውን አልወቅስም። የራስን ጽሑፍ መቶ ጊዜ ያነበበ ሰው ዓይኑ ስለሚለምደው ስህተቱ አይታየውም። የጎደለው ሁለተኛ ዓይን ነው። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች ገልጬ ፈለግኩ። ሽፋኑን የሠራው ሰው ስም አለ፤ የጻፈችው የኮምፒውተር ጸሐፊ ስም አለ፤ ምስጋናው ሦስት ገጽ ይሞላል። አርታኢ የሚል ቃል የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ለማለት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ነገር ግን በደርግ ጊዜ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በነበረበት ዘመን እንደ አማረ ማሞ ያሉ አርታኢዎች እንደነበሩ፣ አማረም ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ መመሪያ እስከ መጻፍ የደረሰ ሰው እንደነበረ አውቃለሁ። የዚያ ዘመን ሳንሱር ብዙ በደል አድርሷል፤ እሱ ይመለስ የሚል ሰው የለም። የጠፋብን ሳንሱሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። አርታኢውም አብሮ ጠፋብን።

አሁን ወደ ሌሎቹ ልሂድ።

የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ሲወጣ ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን መጽሐፍ የምታከራይ ሱቅ ነበረች፤ ለሁለት ቀን ተከራይቼ በአንድ ሌሊት ጨርሼ፣ በማግስቱ ለጎረቤት ልጅ አዋስኩ። ማንበብ የሚባል ነገር የማይወዱ የክፍሌ ወንዶች ሳይቀሩ ተቀባብለው አንብበውታል። ዘንድሮ ስደግመው ያ ሩጫ አሁንም አለ፤ ሰዎቹ ግን ሁሉም በአንድ አፍ የሚናገሩ ሆነውብኛል። ሳይንቲስቱም መነኩሴውም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው የሚናገሩት። ያኔ ይህን አላየሁም፤ ገጹን ለመግለጥ ስቸኩል። ይህን ስል መጽሐፉን ማናናቄ አይደለም። እኔን አንባቢ ያደረገኝ እሱ ነው፤ ውለታው አለብኝ።

የዓለማየሁ ዋሴን እመጓ በሦስት ቀን ጨረስኩት። መንዝን አይቼው አላውቅም፤ አንብቤ ስጨርስ ግን ብርዱ የገባኝ ይመስለኛል። ደራሲው በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠና ሰው ነው፤ ይህ በጽሑፉ ላይ ያስታውቃል። ሌላ ደራሲ «ዛፍ» ብሎ የሚያልፈውን እሱ በስሙ ይጠራዋል። ቅሬታዬ አንድ ነው። የትኛው የጉዞ ማስታወሻ፣ የትኛው ልብ ወለድ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰው ምን ይላል መሰላችሁ፣ «እውነት ነው እኮ!» እያለ ይከራከራል። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እንዲያውም ቦታው ድረስ ሄዳ ልታይ ተነሥታ ነበር። ከፊት ለፊት አንድ ገጽ ማብራሪያ ቢኖር አንባቢው ባልተደናገረ።

ኦሮማይ ላይ ልቆይ። የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ብዙ ሰው የሚያነበው ስለ ደራሲው ዕጣ ሰምቶ ነው፤ እኔም እንደዚያው። መጽሐፉ በ1975 ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ ማንበብ ከባድ ነው። እያንዳንዱን ገጽ «በዚህ ዓረፍተ ነገር ይሆን? ወይስ በዚህ?» እያልኩ ነው የገለጥኩት። በዚህ የተነሣ በመጀመሪያው ንባቤ ታሪኩን አላየሁትም ማለት እችላለሁ። ዘንድሮ ስለ ደራሲው ማሰብ ትቼ፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የሄደ ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ታሪክ ነው ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያው ይከብዳል። ባለሥልጣን በባለሥልጣን ላይ ይመጣል፤ ስብሰባው አያልቅም። ማን ኮሎኔል፣ ማን ሻለቃ እንደሆነ ለመያዝ የካርድ ጀርባ ላይ ስም እየጻፍኩ ነበር። መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ስብሰባ ለምን እንዳስፈለገ ገባኝ። አዳራሽ ውስጥ በቃል ያለቀው ጦርነት ተራራው ላይ አላለቀም። ውጊያው ያለበት የናቅፋ ተራራ ላይ ሲደረስ ያንን ሁሉ ንግግር ሰምቼ ስለነበር ነው እንደዚያ ያመመኝ።

ስለ ፊያሜታ ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ወንዶች አንባቢዎች ሲያወሩ ፊያሜታ፣ ፊያሜታ ይላሉ። እኔ የምታሳዝነኝ አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛው ሮማን ናት። ፀጋዬ ስለ ፊያሜታ ዓይንና ሳቅ ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ሮማን የሚነግረን ጥፋተኝነት ሲሰማው ነው። እሷ ምን ታስብ ነበር? ከሥራ ስትመለስ ቴሌቪዥን ከፍታ እሱን ትፈልግ ነበር? በዓሉ ሰው መሳል የሚችል ደራሲ ስለሆነ ነው ይህን የምጠይቀው፤ የማይችል ቢሆን አልጠይቅም።

መጽሐፉ በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለውጭ አገር አንባቢ ሲቀርብ ደስ ብሎኛል። እኔ ያነበብኩት ግን ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ፎቶ ኮፒ ነው። ፊደሉ ደብዝዞ «ሰ» እና «ስ» አይለይም፤ ከዳር ያለው የመስመሩ ጫፍ ተቆርጧል፤ አንዳንዱን ቃል በግምት ሞላሁት። ለደራሲው ቤተሰብ ከዚያ ብር አንድ ሳንቲም እንዳልደረሰ ሳስብ አፈርኩ። ንጹሑን ኅትመት ፈልጌ በጠየቅኩባቸው ቦታዎች ሁሉ «አልቋል» ተባልኩ።

አሁን የምናገረው የሚያስቆጣው ሰው ይኖራል። ፍቅር እስከ መቃብርን ሳነብ የዘለልኳቸው ገጾች አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ እንደ እኔ ላለ አንባቢ ረጅም ነው። ጉዱ ካሳን እወደዋለሁ፤ እሱ መናገር ሲጀምር ግን ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፍቅረኞቹ ሲለያዩም ደራሲው ምን እንደተሰማቸው ያብራራልናል፤ እኔ ግን ቀድሞ ገብቶኛል፣ እያለቀስኩ ነው፤ ማብራሪያው እንባዬን ያደርቀዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገር ላይ ሊዘምቱ ሲነሡ ያለው ክፍል በተቃራኒው አንዲት ቃል የማይቀነስበት ነው። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ሽፋኑን አይተው «የት ደርሰሻል?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ እስከ መገናኛ ድረስ ከዚያ ወዲያ ያለውን በቃላቸው ተረኩልኝ።

ልቤን የነካው ግን ሁሉም የሚያወራለት ፍቅር አይደለም። የበዛብህ ወላጆች የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ታሪክ ነው። ሕፃኑ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ያ ስለት ልጁን ሙሉ ዕድሜውን ተከተለው። እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ልጇን አዝላ «ይኼን ብቻ ይማርልኝ» እያለች የምትሳል እናት በየሳምንቱ አያለሁ። ስሟን ስጽፍ፣ የልጁን ዕድሜ ስጠይቅ፣ ያ ከንፈሯ ላይ ያለው ስለት ይሰማኛል። ፍቅር እስከ መቃብርን ካነበብኩ በኋላ እነዚያን እናቶች ቀና ብዬ ነው የማያቸው። ከዚህ በላይ ከልብ ወለድ ምን ይፈለጋል?

ያልጨረስኩት የአዳም ረታን የስንብት ቀለማት ነው። አራት መቶኛው ገጽ አካባቢ ላይ አቆምኩ። አዳምን እወደዋለሁ። የመጻሕፍቱን ርዕስ ብቻ እዩት፦ አለንጋና ምስር፣ ከሰማይ የወረደ ፍርፍር፣ መረቅ። ሌላው ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ጦር ሜዳ ሲሮጥ እሱ ማዕድ ቤት ይገባል፤ እናቶቻችን የቆሙበትን ቦታ ያከብራል። ታሪክን ከታሪክ የሚያያይዝበትን የአጻጻፍ ስልቱንም ሕጽናዊነት ብሎ በራሳችን ቃል ሰይሞታል። ግን የቆምኩት በሐሳቡ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፉ ክብደትም ነው። ፊደሉ ደቃቅ፣ ጥራዙ ወፍራም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ እጅ አይያዝም። በሁለት ወይም በሦስት ቅጽ ተከፍሎ ቢታተም ዛሬ ጨርሼው ነበር። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ትንሽ አይደለም።

የመጨረሻው አደፍርስ ነው፤ ደብዳቤውን እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ከሠላሳ ገጽ አላለፍኩም። በ1962 ከታተመ ጀምሮ ከባድ ነው እየተባለ የኖረ መጽሐፍ ነው። ደራሲው የሸዋን ገጠር ሰው አነጋገር እንደወረደ ነው የጻፈው፤ ማን እንደሚናገር ቆሞ አይነግራችሁም፤ ከንግግሩ ለዩ ይላችኋል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ብዙው ቃል አይገባኝም። ለሦስተኛ ጊዜ የጀመርኩት በፆም ወራት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። እማዬ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ዓይኗን ሞራ ስለሸፈነው ማንበብ ትታለች፤ ምስሩን የምትለቅመው በጣቷ ነው። እኔ አንዲት ቃል ላይ ቆሜ ሳጉተመትም «እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አለችኝ። አነበብኩላት።

ጣቷ ቆመ።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «ይኼማ የአያትሽ አነጋገር ነው» ብላ ሳቀች። እማዬ የደብረ ሲና ዙሪያ ልጅ ናት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጣርማ በርን ወጥታ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ያንን አነጋገር እኛ ፊት አታወራውም ነበር፤ ሰዎች ስለሳቁባት ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው አነብላታለሁ። እኔ ያልገባኝን እሷ ትፈታዋለች፤ ማን እንደሚናገር እኔ ሳላውቅ እሷ ከቃሉ ታውቃለች፦ «ይኼ ቄሱ ነው»፣ «ይቺ ወይዘሮ አሰጋሽ ናት፣ ስሚ እንዴት እንደምትናገር»። አደፍርስ፣ ያ የተማረው ልጅ፣ ከሁሉም ጋር ሲከራከር ትናደዳለች። «የጠራውን ሊያደፈርስ መጣ፤ ስሙን አይተው ነው ያወጡለት» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን እውነቱን ነው» ትላለች። እኔ ብቻዬን ሳነብ ንግግሩ የበዛበት፣ ታሪኩ የማይንቀሳቀስ መጽሐፍ ነበር። በጆሮ ሲሰማ ሰው የሞላበት ቤት ሆነ።

ታዲያ ይህን መጽሐፍ ከባድ ያደረገው ምንድን ነው? ለዓይን ብቻ ስለቀረበልን ነው ብዬ አምናለሁ። ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከመጻሕፍት ዓለም ላይ ባይተርከው ኖሮ፣ ታክሲ ውስጥ ያገኘኋቸው አባት በቃላቸው ይዘውት ነበር? አደፍርስ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲያገኝ እኔ አልሰማሁም። ከኋላው ደግሞ አሥር ገጽ የቃላት መፍቻ ቢታከልለት፣ እናቱ ደብረ ሲና ያልተወለደች ልጅም ታነበው ነበር። መፍቻውን የሚሠሩት ሰዎች ዛሬ አሉ፤ የእናቴ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከዓመታት በኋላ ግን ማንን እንጠይቃለን? ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ እንቅልፍ የማጣበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አዲስ ልብ ወለድ ስታሳትሙ ለአርታኢ የሚከፈለውን ገንዘብ አትቆጥቡ፤ ስሙንም ከሽፋን ሠሪው ስም ጎን ጻፉት፤ እኔ መጽሐፍ ስገዛ መጀመሪያ የማየው እሱን ይሆናል። መጽሐፉ ወደ አዟሪ ከመሄዱ በፊት ከየክምሩ አንድ አንድ አንሥቶ ገጹን የሚቆጥር ሰው ይኑር። ያለቁትን መልሱልን፤ ለወራሾቹ ተገቢውን ከፍላችሁ፣ በሚነበብ ፊደል አትሙልን፤ እኔም ከፎቶ ኮፒ ነጋዴ መግዛት ልተው። ደራሲዎችም አንባቢ «ይህ አልገባኝም፣ ይህ በዛብኝ» ሲላችሁ እንደ ጠላት አትዩን። መጽሐፉን ባንወደው ኖሮ ገጹን ቆጥረን አንነግራችሁም ነበር።

ለዚያ ስሙን ላልጠራሁት ወጣት ደግሞ፦ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ የጻፍከው መጽሐፍ መሆኑን በሰናይት ታውቀዋለህ። የጎደሉትን 16 ገጾች ፈልጌ አላገኘሁም። ሻንጣው ውስጥ ምን እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዕትም ከወጣ እገዛዋለሁ።

እማዬና እኔ አደፍርስን ለመጨረስ ስልሳ ገጽ ያህል ቀርቶናል። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶብን ሳናነብ ቀረን፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከበሩ ላይ ጠርታ «ቶሎ ነይ፣ ያቺ ሴትዮ ነገሯን ሳትጨርስ ነው ያቆምነው» ብላኛለች።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ